ዣኦ ሜንግፉ፦ የብሩሹ መስመርና «ባንዳ» የሚለው ክስ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የቻይና ሥዕል መጽሐፍ ሳገላብጥ የዣኦ ሜንግፉን ‹የመጸው ቀለማት በቹዌና በኋ ተራሮች› አየሁ። ዛፎቹ ከጎጆዎቹ ይገዝፋሉ፣ ጥላ የሚባል የለም፣ የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ አይለይም። እውነቱን ለመናገር ልጅ የሳለው መሰለኝ። መጽሐፉ ግን ከቻይና ታላላቅ ሥዕሎች አንዱ ነው ይላል። አብሮኝ የሚሠራ ቻይናዊ ደግሞ ‹ሰውየው ከሥዕሉ ይልቅ በጽሕፈቱ ነው የሚታወቀው፤ ግን ባንዳ ነበር፤ ጽሕፈቱም አጥንት የለውም ይባላል› አለኝ። የቱን ልመን?»

የሥራ ባልደረባዎ የነገረዎት ከራሱ የፈጠረው አይደለም፤ ቻይናውያን ለመቶዎች ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩትን ነው የደገመው። መጽሐፉም አላጋነነም። ዣኦ ቻይና በሞንጎሎች እጅ በወደቀችበት ዘመን የኖረ ሠዓሊና ጸሐፊ ነው፤ ባንዳ የሚሉትም ለሞንጎሎቹ ስላገለገለ ነው። እኔ ከሥዕሉ ልጀምር፤ እርስዎም በዓይንዎ ያዩት እሱን ነውና። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሥዕሉ የተሠራው በ1296 መባቻ ነው፤ ዛሬ ታይፔ በሚገኘው ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም ተቀምጧል። ቁመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የወረቀት ጥቅልል ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ እንዲታይ አልተሠራም። አንድ ሰው፣ ቢበዛ ከወዳጁ ጋር ሆኖ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ከቀኝ ወደ ግራ እየተረተረ የሚያየው ነገር ነው። መጽሐፍ ላይ አንድ ገጽ ውስጥ ተጨምቆ ሲታተም መጀመሪያ የሚጠፋው የመስመሩ ነገር ነው፤ በዚህ ሥዕል ደግሞ መስመሩ ከጠፋ የሚቀረው ትንሽ ነው።

የተሳለለት ሰው ዦው ሚ ይባላል፤ ደራሲና የጥንት ዕቃ አዋቂ ነበር። ቤተሰቡ መሠረቱ ከሰሜን፣ ከሻንዶንግ ነው፤ ሰሜኑ ጁርቸን በሚባሉ ወራሪዎች እጅ ሲወድቅ ወደ ደቡብ ከተሰደዱት ወገን ናቸው። ዦው ሚ ግን ደቡብ ተወልዶ ደቡብ ያረጀ፣ የአያቶቹን አገር በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዣኦ በበኩሉ በ1292 በዚያው በሻንዶንግ፣ ጂናን ከተማ ተሹሞ ጥቂት ዓመታት ኖሯል። ሹመቱን ትቶ በ1295 ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ዉሺንግ፣ ዛሬ ሁዦው ወደምትባለው ከተማ ሲመለስ ስለዚያ አገር ተራሮች ለወዳጁ አወራለት። ቀጥሎም ሳለለት። ይህን ሁሉ ዣኦ ራሱ በዚያው ወረቀት ላይ ጽፎታል።

አሁን ሥዕሉን መልሰው ይዩት። በቀኝ በኩል ሹል ሦስት ማዕዘን ሆኖ ብቻውን የቆመው ኋ ነው፤ በግራ በኩል ክብ ጉብታ የሆነው ቹዌ። ሁለቱም በሰማያዊ ቀለም ተነክረዋል። በመካከላቸው ረግረግ፣ ሸምበቆ፣ ቅጠላቸው የቀላና የቢጫ ዛፎች፣ ጎጆዎች፣ ጀልባ ላይ የተቀመጡ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ኋ በእውኑ ዓለም ከ200 ሜትር የማይበልጥ ኮረብታ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ግን ከፍታውን ሳይሆን ሜዳ መሃል ድንገት ብቅ ማለቱን ነው፤ ዣኦም የወሰደው ይህንኑ ነው። አገሩን አይቶ ለማያውቅ ሰው የሚነገር አገር እንዲህ ነው፤ እዚህ ሹል ተራራ፣ እዚያ ክብ ተራራ፣ መሃሉ ላይ ውኃና መንደር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ዣኦ በጽሑፉ ውስጥ ቹዌ ከኋ በስተ ምሥራቅ ነው ብሏል። ስህተት ነው፤ በስተ ምዕራብ ነው። ይህን ያገኘው በ1748 በጂናን በኩል ያለፈው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ነው፤ ሥዕሉን ከቤይጂንግ አስመጥቶ ከተራሮቹ ጋር አስተያየውና ስህተቱን እዚያው ጥቅልሉ ላይ ጻፈበት። ንጉሡ በሰው ሥዕል ላይ መጻፍና ማኅተም ማሳረፍ የሚወድ ሰው ነበር፤ ያዩት ቀይ ማኅተም ሁሉ የዣኦ አይደለም። የሚገርመው ግን ሥዕሉ ራሱ አልተሳሳተም። ከደቡብ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቹዌ በግራ፣ ኋ በቀኝ ነው የሚታየው። እጁ በትክክል የሳለውን አቅጣጫ ብዕሩ ነው ያሳሳተው።

ወደ ተመጣጣኝነቱ እንመለስ። ዣኦ ነገሮችን በልካቸው መሳል አይችልም ነበር ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ በፈረስ ሥዕሉ ስመ ጥር ነበር፣ ዋሽንግተን የሚገኘውን የበግና የፍየል ሥዕሉን ያየ ሰው ፀጉራቸውን ሊዳስስ ይቃጣዋል። ይህ ሥዕል እንዲህ የሆነው አውቆ ስላደረገው ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ይጠይቃል። ሞንጎሎች ከመምጣታቸው በፊት ደቡቡን በገዛው በደቡብ ሶንግ ሥርወ መንግሥት፣ በቤተ መንግሥቱ የነበሩት ሠዓሊዎች፣ በተለይም ማ ዩዋንና ሺያ ጉዪ፣ በሐር ጨርቅ ላይ በጭጋግ የተሞላ ሥዕል ይሠሩ ነበር። አንድ ጥግ ላይ ዓለትና የተጣመመ ጥድ ይሆናል፣ የቀረው ባዶ ነው፤ ዓይን ሳይፈልግ ወደ ርቀቱ ይሰምጣል። በጣም ያማረ፣ በጣም የሠለጠነ ሥዕል ነው። ዣኦ ይህን ጥሎ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ወደነበረው ወደ ዶንግ ዩዋን፣ ከዚያም አልፎ ወደ ታንግ ዘመን ሰዎች። የጎጆዎቹና የዛፎቹ አለመመጣጠን፣ ሰማያዊው ተራራ፣ እንደ ካርታ የተነጠፈው ሜዳ ሁሉ የጥንት ሥዕል ምልክቶች ናቸው። የዘመኑ ሊቃውንት ሲያዩት ወዲያው ይለዩታል፤ ለእኛ ነው እንግዳ የሚሆንብን።

በ1301 በጻፈው ማስታወሻ ላይ ሐሳቡን ሳይሸፋፍን ተናግሯል፦ በሥዕል ውስጥ ዋናው ነገር የጥንቱ መንፈስ ነው፤ እሱ ከሌለ የቱንም ያህል ጥበብ ቢኖር ጥቅም የለውም። የዘመኑ ሰዎች ቀጭን መስመርና ደማቅ ቀለም ካወቁ የቻሉ ይመስላቸዋል፣ የእኔ ሥዕል ግን ቀለል ያለና ሻካራ ይመስላል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ለጥንቱ ቅርብ መሆኑን ያያል ይላል። ስለዚህ «ልጅ የሳለው መሰለኝ» ያሉት ከእሱ ሐሳብ ብዙም አልራቀም፤ ሻካራ መምሰሉን እሱም ፈልጎታል።

ይህ ግን ገና ግማሹ ነው። ጥንትን መቅዳት ብቻውን ማንንም ታላቅ አያደርግም። ቁም ነገሩ ያለው በመስመሩ ላይ ነው፤ ጽሕፈቱም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ አገር ቁም ጸሐፊ የሚይዘው የሸምበቆ ብርዕ ጫፉ ደረቅ ስለሆነ፣ የመስመሩ ውፍረት በአብዛኛው ብርዑ ሲቀረጽ ያልቃል። የቻይናው ብሩሽ ግን ለስላሳ የእንስሳ ፀጉር ነው። ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያነሡት ይሰላል፣ ሲያዘገዩት ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲያፈጥኑት ፀጉሩ ተሰነጣጥቆ በመሃሉ ነጭ ያሳያል። መሰረዝ የለም፣ መደለዝ የለም። ስለዚህ የተጨረሰ ጽሑፍ ያየ ሰው እጁ የት እንደ ፈጠነ፣ የት እንዳመነታ፣ ቀለም የት እንዳለቀ ቅደም ተከተሉን ማንበብ ይችላል። ቻይናውያን ጽሕፈትን ከጥበባት ሁሉ በላይ ያስቀመጡት ለዚህ ነው። ሁዦው ደግሞ የብሩሽ አገር ናት፤ የዚያች ከተማ ብሩሾች በቻይና ሁሉ ስመ ጥር የሆኑት በዚሁ በዣኦ ዘመን ነው። ሰውየው ምርጥ መሣሪያ በሚሠራበት ቀዬ ተወልዷል ማለት ነው።

ዣኦ ያደረገው ይህን የጽሕፈት እጅ ጠቅልሎ ወደ ሥዕል ማስገባት ነው። ቤይጂንግ በሚገኘው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ዓለት፣ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎችና ቀርከሃ የሚታዩበት ትንሽ ጥቅልል አለው፤ ከሥዕሉ ቀጥሎ አራት ስንኝ ጽፎበታል። የስንኞቹ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ዓለቱ በደረቅና ፈጣን ብሩሽ እንደሚጻፈው ነጩ የሚታይበት ፊደል ይሁን፤ ዛፉ እንደ ጥንታዊው የማኅተም ፊደል ይጻፍ፤ ቀርከሃ ለመሥራት ስምንቱን የፊደል አጣጣሎች ማወቅ ያሻል፤ ይህ የገባው ሰው ጽሕፈትና ሥዕል ከመሠረቱ አንድ መሆናቸውን ይወቅ። ይህ ባዶ መፈክር አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ይታያል። የዓለቱ ዳር በአንድ ትንፋሽ ተጎትቶ ተሰነጣጥቋል። የዛፉ ግንድ ግን የብሩሹ ጫፍ ከመስመሩ መሃል ሳይወጣ ቀስ ብሎ የሄደ፣ ድቡልቡል፣ እኩል ውፍረት ያለው ነው። የቀርከሃው ቅጠል ተጭኖ ተመዞ ይነሣል። አንድ ብሩሽ፣ አንድ ቀለም፣ ሦስት ዓይነት ፍጥነት። ሐርን ትቶ ወረቀትን ማዘውተሩም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ሐር ለጭጋግ ይመቻል፣ ወረቀት መስመርን አይደብቅም።

የ1296ቱን ሥዕል ጥሩ ቅጂ ካገኙ የኋን ጎን አጉልተው ይዩ። ከጫፉ ወደ ታች የሚወርዱ ረጃጅም፣ ለስላሳ፣ ሳይቆራረጡ የሚደራረቡ መስመሮች አሉ። ሠዓሊዎቹ ይህን አጣጣል በተበተነ ቃጫ ስም ይጠሩታል፤ ከዶንግ ዩዋን የተወረሰ ነው። ዣኦ ግን እያንዳንዱ ቃጫ ተለይቶ እንዲታይ አድርጎ፣ ከቀለም ነክሮ ሳያለሰልስ ተወው። ተራራው የተሠራው በጽሕፈት እጅ ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን ይህ አይደለም፤ በ1302 የሠራው «የውኃ መንደር» ነው። ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራ፣ ደማቅ ነገር የሌለበት ሥዕል፤ ዝቅ ያሉ ኮረብቶች፣ ሸምበቆ፣ ትንሽ ድልድይ፣ ብዙ ባዶ ውኃ። የሠራው ለወዳጁ ለቺየን ዦንግዲንግ ነው። ወር ያህል ቆይቶ ወዳጁ ሥዕሉን ጥቅልል አሠርቶ ይዞለት መጣ። ዣኦም እዚያው ላይ ጻፈበት፦ እንደ እጄ አመራር የሞነጫጨርኩትን እንዲህ ከፍ አድርገህ መያዝህ በጣም አሳፈረኝ። ትሕትናው የዘመኑ ወግ ነው፣ ብዙ አይመኑት። «እንደ እጄ አመራር» የሚለው ግን እውነት ነው፤ መስመሩ ያልተጨነቀ፣ አንዳንድ ቦታም የደረቀ ነው። የቹዌና የኋ ሥዕል አሁንም ጥንትን እያስታወሰ ይሠራል፤ እዚህ ግን ማስታወሱም ቀርቷል። ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች፣ ራሱን በእሱ ቤት እንዳለ ትንሽ ተማሪ የቆጠረው ኋንግ ጎንግዋንግ፣ የሴት ልጁ ልጅ ዋንግ ሜንግ፣ መንገዳቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ሁለቱም በኋላ ከዩዋን፣ ማለትም ከሞንጎሎቹ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ አራቱ ታላላቅ የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች ተቆጥረዋል።

ስለ ራሱ ሥዕል የጻፈው ሌላው ነገር ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ባለው የሁለት ጥዶች ሥዕል ላይ ይገኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከጽሕፈት በተረፈው ጊዜ ትንንሽ ሥዕል ሲሞካክር እንደኖረ፣ መልክዓ ምድር ግን እንዳልሆነለት ይናገራል፤ ምክንያቱም የታንግ ሰዎች ሥራ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ ከታንግ ቀጥለው የመጡት የአምስቱ ሥርወ መንግሥታት ሊቃውንት ደግሞ ከዘመኑ እጅ ፈጽሞ ይለያሉ። ከዚያ እንዲህ ይጨርሳል፦ የእኔን ከጥንቶቹ ጋር አስተካክላለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ከቅርብ ጊዜዎቹ ሥዕሎች ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ይለያል ለማለት እደፍራለሁ። ትሕትና አድርጎ ጀምሮ የዘመኑን ሠዓሊ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠርጎ ያወጣዋል።

ስለዚህ «የጽሕፈት ሰው ነው ወይስ የሥዕል?» ለሚለው ጥያቄ፣ በቁጥርም በዝናም ካሰብነው የጽሕፈት ሰው ነው። ቻይና ውስጥ ቁም ፊደል የሚለማመድ ልጅ ከአራት ሰዎች የአንዱን ናሙና ይሰጠዋል፤ ሦስቱ ኦውያንግ ሹን፣ ያን ዠንቺንግና ሊዩ ጎንግቹወን የታንግ ዘመን ሰዎች ናቸው፣ አራተኛው ዣኦ ነው። በዩዋን ዘመን የታተሙ መጻሕፍት ፊደላቸው ሳይቀር በእሱ እጅ አምሳል ይቀረጽ ነበር። በወጣትነቱ የሶንግን ንጉሠ ነገሥት የጋኦዞንግን እጅ ተከተለ፤ መካከለኛ ዕድሜውን ለአራተኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ለዋንግ ሺዢ ሰጠ፤ በእርጅናው ደግሞ በድንጋይ ላይ ለሚቀረጹ ትልልቅ ጽሑፎች የታንጉን ሊ ዮንግን ተጠጋ።

ከዋንግ ሺዢ ጋር የነበረው ነገር የትምህርት ብቻ አልነበረም፣ ፍቅር ነበር። በ1310 ወደ ዋና ከተማው ተጠርቶ በታላቁ ቦይ በጀልባ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ አንድ መነኩሴ የዋንግን ዝነኛ «የኦርኪድ ድንኳን» ጽሑፍ ከድንጋይ የተነሣ ቅጂ ሰጠው። ጀልባው ነፋስ እየጠበቀ በየወደቡ ሲቆም ዣኦ ቅጂውን ይዘረጋል፣ ይመለከታል፣ ይጽፍበታል፤ እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ማስታወሻዎች ጨመረበት። ከእነዚህ በአንዱ የተናገረው ዛሬም ይጠቀሳል፦ የፊደል አቀማመጥ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፣ የብሩሽ አያያዝ ግን በሺህ ዘመን አይለወጥም። ያ ጥቅልል በቺንግ ዘመን እሳት በልቶት ዛሬ የተረፉት ቁርጥራጮቹ ብቻ ናቸው፤ ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ዳር ዳሩ የከሰለውን ወረቀት ማየት ይቻላል።

ወደ ባንዳነቱ ልምጣ። ዣኦ በ1254 ሲወለድ ተራ ሰው አልነበረም፤ የሶንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች የዣኦ ኳንግዪን ዘር ነው፣ አሥራ አንደኛ ትውልድ። በሶንግ መጨረሻ ትንሽ ሹመት ይዞ ሳለ በ1276 ዋና ከተማው በሞንጎሎች እጅ ወደቀ፤ በ1279 የመጨረሻው የሶንግ ጦር ባሕር ላይ አለቀ። ዣኦ ቤቱ ተቀምጦ ይማር፣ ይጽፍ ነበር። በ1286 የኩብላይ ካን መልእክተኛ ቸንግ ጁፉ የደቡብ ሊቃውንትን ፈልጎ ሲመጣ ከተመረጡት አንዱ ሆነ፤ ሄደም። ኩብላይ ገና ሲያየው በመልኩ ተደንቆ ከታላላቅ ሹማምንት በላይ አስቀመጠው ይላል የዩዋን ታሪክ። አንዳንዶች የሶንግ ዘር ንጉሡ አጠገብ መሆን የለበትም ብለው ቢቃወሙም ካኑ አልሰማቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት ምቾትና ውርደት የተቀላቀለበት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳንግ ደወል ከተደወለ በኋላ የሚመጣን ሹም በጅራፍ ያስገርፍ ነበር፤ አንድ ቀን ዣኦም አርፍዶ ለግርፋት ተያዘ። ወደ አንዱ ከፍተኛ ሹም ገብቶ የተማረ ሰው እንዲህ ሲዋረድ መንግሥት ራሱ ይዋረዳል ብሎ አቤት አለ፤ ሳንግም ይቅርታ ጠየቀው፣ ከዚያ ወዲህ የሚገረፉት ጸሐፊዎች ብቻ ሆኑ። (ለጸሐፊዎቹ ማን አቤት እንዳለላቸው ታሪኩ አይናገርም።) በሌላ ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጭ ባለው ጠባብ መንገድ ሲሄድ ፈረሱ ተንሸራትቶ ወንዝ ውስጥ ጣለው፤ ኩብላይ ሲሰማ አጥሩን ወደ ውስጥ አስገፋለት። በዚያው ዘመን የጻፈው ግጥም ግን ሌላ ነገር ይላል። ከቤቱ ለሹመት በመውጣቱ በደለኛ መሆኑን የሚያወሳ ግጥም ነው፤ ትናንት የውኃ ላይ ወፍ ነበርኩ፣ ዛሬ በቀፎ የተዘጋች ወፍ ሆንኩ ይላል።

በሥልጣኑ ምን ሠራ ብለን ብንጠይቅ የሚወሳለት አለ። በወረቀት ገንዘብ ተሰልቶ ከተወሰነ መጠን በላይ ጉቦ የበላ ይገደል የሚል ሕግ ሲመከርበት፣ የወረቀት ገንዘብ ዋጋው በየጊዜው ይወድቃል፣ የሰው ነፍስ በእሱ ልትለካ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ከደቡብ የመጣ ልጅ ሕጋችንን ይነቅፋል ብለው ቢቆጡትም ከቃሉ አልተመለሰም። በ1290 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ግብር እንዲማር በጓሮ በር ካስገፉት አንዱ እሱ ነው። ሳንግ ሲወድቅም እጁ ነበረበት። በሌላ በኩል እያመነታም ቢሆን ወደ ላይ ወጥቷል፤ በ1316 የሃንሊን አካዳሚ፣ ማለትም የንጉሠ ነገሥቱ የሊቃውንት ጉባኤ፣ ዋና ሊቅ ሆኖ ከአገሪቱ ከፍተኛ ማዕረግ ከደረሱት ደቡባውያን ተቆጥሯል።

እኔን ባንዳ ከማለት የሚከለክለኝ ግን ክርክር አይደለም፣ ዦው ሚ ነው። ዦው ሚ ለሞንጎሎች አላገለግልም ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ በሶንግ ታማኝነቱ የጸና ሰው ነበር። ቤቱንም ያጣው በዚያው ጦርነት ነው። ጓደኛው ሄዶ ለወራሪው መሾሙን ያውቃል፤ የጂናንን ተራሮች ሊያይ የቻለውም በዚያው ሹመት ነው። ግን ሥዕሉን ተቀበለው። በዘመኑ የኖሩት፣ ዋጋ የከፈሉት ሰዎች ዣኦን አልተፉትም። የተፉት በኋላ የመጡት ናቸው።

ከነዚህም ዋነኛው ፉ ሻን ነው፤ ከ1607 እስከ 1684 የኖረ ሐኪም፣ ጸሐፊና አርበኛ። የሚንግ ሥርወ መንግሥት በማንቹዎች ሲወድቅ ለአዲሱ መንግሥት እምቢ ካሉት ነው። በወጣትነቱ የዣኦን እጅ ሲለማመድ ቶሎ ተዋሐደው፤ በኋላ ግን አፈረበት። ክፉ ባልንጀራን መቅረብ ቀላል ነው እንደማለት አድርጎ ጻፈ። ለልጆቹም፣ ሰውየውን ስለናቅሁት ጽሕፈቱን ጠላሁት፤ ብልጥ ከመሆን ጎልዳፋ መሆን፣ ከማሽኮርመም ማስቀየም ይሻላል አላቸው። «አጥንት የለውም» የሚለው ሐሜት ጉልበት ያገኘው በእነዚህ ዓመታት ነው። ፉ ሻን እውነተኛ ሰው ስለነበር ምክንያቱን አልደበቀም፤ መጀመሪያ የጠላው ሰውየውን ነው፣ ጽሕፈቱን ቀጥሎ ነው። የሚገርመው በስተርጅናው ሰውየው ድንቅ መሆኑን ራሱ በግጥም ማመኑ ነው።

የሚንግ ዘመኑ ሠዓሊና ጸሐፊ ዶንግ ቺቻንግ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከዣኦ ጋር ራሱን የሚያወዳድር ሰው ነበር። የዣኦ ጽሕፈት ከመጠን በላይ ስለበሰለ ተራ ይሆናል፣ የእኔ ግን ጥሬ ስለሆነ ውበት ይተርፈዋል ብሏል። ስለ ቹዌና ስለ ኋ ሥዕል ሲጽፍ ግን የታንግን ስልት ያለ ቅጥነቱ፣ የሰሜን ሶንግን ግርማ ያለ ሸካራነቱ ይዟል ብሎ አሞግሶታል። የእኔም አስተያየት ከዶንግ ብዙ አይርቅም። በ1316 ለቲቤታዊው መምህር ለዳንባ የጻፈውን የሐውልት ጽሑፍ ሳየው አንድ የተበላሸ ፊደል አጣበታለሁ፣ እንከን የለሽነቱም ቶሎ ይሰለቸኛል። ደብዳቤዎቹ ግን ሌላ ናቸው።

ሚስቱ ጓን ዳኦሸንግ ራሷ በቀርከሃ ሥዕሏ የታወቀች ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥት ረንዞንግ የባል፣ የሚስትና የልጃቸውን የዣኦ ዮንግን ጽሕፈት በአንድ ላይ አሠርቶ፣ በዘመኔ እንዲህ ያለ ቤተሰብ እንደነበረ ይታወቅ ብሎ አስቀምጦታል። በ1319 ታማ ወደ ደቡብ ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ ሊንቺንግ ደርሰው ጀልባ ውስጥ አረፈች። ዣኦ ከዚያ በኋላ ቻን ለሚባለው የቡድሂዝም ወገን መምህሩ ለዦንግፌንግ ሚንግበን የላካቸው ደብዳቤዎች ደርሰውናል። በአንዱ፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በስካር ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል ይላል። እጁ እዚያ አልተቆጠበም፤ ፊደል ከፊደል እየተጋፋ፣ ቀለሙ እየወፈረ እየቀጠነ ይወርዳል። «አጥንት የለውም» ለሚሉት እነዚህን ነው የማሳያቸው። እሱም በ1322 አረፈ፤ በዕለቱ እንኳ ሲያነብ፣ ሲጽፍና ሲጫወት ውሎ ማምሻውን እንዳለፈ ተጽፎለታል።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ታይፔ ድረስ መሄድ የለብዎትም። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ወገኖች በፍሪር ጋለሪ በግና ፍየሉን፣ ኒው ዮርክ ያላችሁ በሜትሮፖሊታን ሁለቱን ጥዶች ታገኛላችሁ፤ ፍሪር መግቢያ አያስከፍልም። የወረቀት ሥራ ብርሃን ስለሚጎዳው ዓመቱን ሙሉ አይታይምና ሳይሄዱ ሙዚየሙን ይጠይቁ። ካልተዘረጋ ሁለቱም ሙዚየሞች ጥራት ያለው ምስል በድረ ገጻቸው አስቀምጠዋል፤ መስመሩ እስኪታይዎ ድረስ አጉልተው፣ ከቀኝ ጀምረው ይዩት።